ቢጫው ግንብና ሰብሳቢዎቹ

በዴንማርክ ዩትላንድ በሚባለው ባሕረ ገብ ምድር ላይ ቢሉንድ የምትባል ስፍራ አለች። ዛሬ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ ናት። አናጢው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን በ1916 ወርክሾፕ ገዝቶ ሲገባባት ግን ጭር ያለች የገበሬ መንደር ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦሌ ኪርክ ለአካባቢው ሰው ቤትና የቤት ዕቃ እየሠራ ኖረ። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት የገበሬውን ኪስ ሲያራቁተው ቤት የሚያሠራ ጠፋ፤ አናጢውም በ1932 እጁ ላይ የቀረውን እንጨት ወደ ትንንሽ ዕቃ መለሰው። መሰላል ሠራ፣ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ሠራ፣ ቀጥሎም የልጆች መጫወቻ ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ድርጅቱን ሌጎ ብሎ ሰየመው።

ስለዚህ ሰው ከሚነገሩት ወጎች አንዱ ሊዘለል አይገባም። ልጁ ጎትፍሬድ የእንጨት ዳክዬዎችን ሦስት ጊዜ በቫርኒሽ መቀባት ሲገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ቀብቶ ይልካቸውና ለድርጅቱ ወጪ ቆጠብኩ ብሎ ለአባቱ በኩራት ይነግራል። አባትየው ግን አልሳቀም። ሂድና ዳክዬዎቹን ከባቡር ጣቢያ መልሳቸው፣ ሦስተኛውን ቀብተህ እንደገና አሽገህ ላክ አለው፤ ብቻህን ነው የምትሠራውም አለው። ወጉ በድርጅቱ ውስጥ እንደ ስብከት ሲነገር ስለኖረ መቀባባቱ አይቀርም። ሆኖም ከአርባ ዓመት በፊት የተሸጠ የመጫወቻ ወታደር ጋሻ ዛሬም ሳይላላ በወታደሩ እጅ ላይ ሲገባ ያየ ሰው ወጉን ለማመን አይቸገርም።

በ1942 እሳት ፋብሪካውን አወደመው፤ ኦሌ ኪርክም እንደገና ሠራው። በ1946 ከእንግሊዝ የፕላስቲክ መቅረጫ ማሽን ገዛ፤ ለአንዲት የመንደር ድርጅት ከባድ ገንዘብ ነበር። እንግሊዛዊው ሂላሪ ፊሸር ፔጅ ኪዲክራፍት በተባለው ድርጅቱ የሚያመርተው እርስ በርሱ የሚያያዝ ትንሽ የፕላስቲክ ጡብ ናሙናም እጁ ገባ። ሌጎ በ1949 ለገበያ ያወጣው ጡብ ከዚያ ናሙና የተወለደ ነው። ድርጅቱም በኋላ ይህን አልካደም። ፔጅ በ1957 ሲሞት ጡቡ ዴንማርክ ውስጥ ሁለተኛ ሕይወት መጀመሩን አያውቅም ነበር ይባላል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ጡብ ውስጡ ባዶ ስለነበር ይደረደራል እንጂ አይጨብጥም። ልጅ አንሥቶ ሲያንቀሳቅሰው ግድግዳው ይፈርሳል። መድኃኒቱ የተገኘው ከታች በኩል ቱቦዎች ሲገቡበት ነው፤ ከላይ ያሉት እብጠቶች በቱቦዎቹና በግድግዳው መካከል ተወጥረው ይያዛሉ። ጎትፍሬድ ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 የፈጠራ መብቱን ጠየቀ፤ አባቱም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1963 ደግሞ ጊዜ ሲቆይ ይጣመም የነበረው የቀድሞ ፕላስቲክ ቀርቶ ኤቢኤስ በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ተተካ። ሁለት በአራት እብጠት ያላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ የሒሳብ ሰዎች አስልተዋል። ለሰብሳቢ ግን ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ የ1958 ጡብ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር ይገጥማል። የጠፋ ቁራጭ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ልጅ ሣጥን መጥቶ ቦታውን ይይዛል ማለት ነው። የተቀደደ ቴምብር አይጠገንም። የፈረሰ የሌጎ ግንብ ግን እንደ አዲስ ይነሣል፣ የመሰብሰቡ ሥራም ከዚህ ይጀምራል።

ሃያ ዓመት ያህል የሌጎ ቤቶችና መንገዶች ሰው አልባ ነበሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ትላልቅ የቤተሰብ ምስሎች ወጡ፤ ቀጥሎ ደግሞ ፊት የሌላቸው፣ እጃቸውም እግራቸውም የማይንቀሳቀስ ትንንሽ ሰዎች መጡ። የንስ ኒጎር ክኑድሰን የተባለው ዲዛይነር ከባልደረቦቹ ጋር ሲያስተካክል ቆይቶ በ1978 ዛሬ ሁሉ የሚያውቀውን ሰው አወጣ። ቁመቱ አራት ጡብ ያህል ነው፤ እግሩ ይታጠፋል፣ እጁ ይዞራል፣ መዳፉም የሆነ ነገር ይጨብጣል። ሰይፍ፣ ጦርና ባንዲራ መያዝ የተቻለው በዚህ መዳፍ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ሌጎ ዓለሙን ለሦስት ከፈለው፤ ከተማ፣ ጠፈርና ግንብ። በዓመቱ የድርጅቱ መሪ የሆነው የጎትፍሬድ ልጅ ኬል ያመጣው አሠራር ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ ከገዛ በኋላ በዚያው ዓለም ውስጥ እየጨመረ እንዲሄድ የታሰበ ነው፤ ለንግድም ለጨዋታም ተስማሚ ሐሳብ።

የግንቡ ዓለም የጀመረው ቁጥሩ 375 በሆነው ትልቅ ካርቶን ነው። ሰብሳቢዎች ዛሬ ስሙን ሳይጠሩ «ቢጫው ግንብ» ይሉታል። ከ750 የሚበልጡ ቁራጮችና 14 ሰዎች አሉት። ግድግዳው በማጠፊያ ተገጥሞ እንደ በር ይከፈታል፣ ከፊቱም የሚነሣ ድልድይ አለው። ፈረሶቹ የሚሠሩት ከጡብ ነበር፤ ጭንቅላታቸው ማዕዘን፣ ሆዳቸው ሣጥን የሆነ ፈረሶች። የወታደሮቹ ፊት ሁለት ነጥብና አንድ ፈገግታ ብቻ ነው፤ ከበባው ሲጀመር ከግንቡ ላይ የሚወረውረውም ከሥር የሚወጣውም እኩል ይስቃሉ። በደረታቸው ላይ የሚጠለቀው ሰደርያ ምልክቱ የታተመበት ሳይሆን የተለጠፈበት ነው። ልጅ በጥፍሩ ሲልጠው ኖሯልና ዛሬ ሙጫው ያልለቀቀ፣ ጠርዙ ያልተነሣ ሰደርያ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ቢጫ የሆነው ለምንድን ነው? የድንጋይ ግንብ ግራጫ መሆኑን ዴንማርኮች አጥተውት አይደለም። የሚነገረው ምክንያት ድርጅቱ ስለ ጦር መሣሪያ ከያዘው አቋም ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ግራጫ ጡብ ለልጅ ከተሰጠው ታንክ ይሠራበታል ተብሎ ተፈራ። ሰይፍና ቀስት ከጥንት ስለሆኑ ችግር አልነበረባቸውም፤ ችግሩ ልጁ በቴሌቪዥን ዜና የሚያየውን መሣሪያ መሥራቱ ላይ ነበር። የሚያስቅ ጥንቃቄ ነው፤ ልጅ ታንክ መሥራት ከፈለገ በቢጫም ይሠራዋል። ጥንቃቄው ግን ሳይታሰብ ለድርጅቱ አንድ ታላቅ ነገር አተረፈለት። ያ የማይመስል ቀለም ካርቶኑን ከሌሎቹ ሁሉ ለየው፤ ግራጫ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከተከታዮቹ ጋር ተመሳስሎ ይቀር ነበር።

ግራጫው በ1984 መጣ። 6080 ቁጥር ያለው የንጉሡ ግንብ 12 ሰዎችን ይዞ ወጣ፤ አብሮትም 6073 የተባለ አነስ ያለ ግንብና የአንጥረኛው ቤት ወጡ። ከጡብ የሚገጣጠመው ፈረስ ቀርቶ ኮርቻ የሚጫንበት፣ አንገቱን ዝቅና ቀና የሚያደርግ እውነተኛ ፈረስ ተተካ። ጠላትም ተፈጠረ። በአንድ በኩል ጋሻቸው ላይ አንበሳ ያለባቸው፣ በሌላ በኩል ጥቁር ጭልፊት ያለባቸው ተሰለፉ። ማን ጥሩ ማን ክፉ እንደሆነ ካርቶኑ አይናገርም፤ ለልጁ የተተወ ነበር። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ክፉውን ሰው ከነስሙና ከነጢሙ አዘጋጅተው ሲሰጡ ይህ ነጻነት ጠፋ። በእኔ አስተያየት የ1980ዎቹ ግንቦች እስከ ዛሬ የሚፈለጉት ከጡቡ ይልቅ በዚህ ዝምታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስምንት ዓመታት ሰብሳቢዎች ወርቃማ የሚሏቸው ናቸው። በ1986 የጥቁር ጭልፊት ምሽግና የእንግዳ ማረፊያው ወጡ። ማረፊያው ጦርነት ከማይመለከታቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይወደዳል። መንገደኛ ያድርበታል፣ ዘበኛ ይቆምበታል፣ ሴትም አለችበት፤ በዚያ ዘመን ግንብ ውስጥ ሴት ብርቅ ነበረች። በ1987 ደግሞ ሽፍቶቹ መጡ። አረንጓዴ ለባሾች ናቸው፤ ባርኔጣቸው ላይ ላባ ይሰካሉ፣ ቀስታቸውን ይዘው ዛፍ ውስጥ ይኖራሉ። ሮቢን ሁድን ያነበበ ሁሉ ወዲያው ያውቃቸዋል፤ ሽፍታ በቀረርቶ ሲወደስ ለሰማ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ማስተዋወቂያ አያስፈልጋቸውም። በ1988 የወጣው መሸሸጊያቸው፣ 6054፣ ጉቶው ውስጥ ክፍል ያለው አንድ ወፍራም ዛፍ ብቻ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ከትልልቆቹ ግንቦች አብዛኞቹን ከእሱ አስቀድሜ አልመርጣቸውም። በ1989 የወንዝ ምሽጋቸው፣ በ1990 ደግሞ የገመድ ድልድያቸው ተከተለ፤ ከዚያ ሽፍቶቹ ጠፉ።

በ1988 የጥቁሩ ንጉሥ ግንብ ወጣ፤ ጥቁር ግድግዳ፣ ጋሻው ላይ ዘንዶ። በ1990 የተራራው ምሽግ በጨለማ የሚያበራ መንፈስ ይዞ መጣ፤ ነጭ መጋረጃ የመሰለ ክዳን በአንድ ሰው ላይ ማጥለቅ ነው፤ ልጅ ግን መብራት አጥፍቶ ያየዋል። በ1992 የተኩላ ምልክት ያላቸው ቀማኞች፣ በ1993 ማጂስቶ የተባለው አስማተኛና እሳት የሚተፉ ዘንዶዎች ተጨመሩ። ዘንዶውን ብዙ ሰው ይወዳል፤ እኔ ግን ግንቡ ተረት የሆነው ያኔ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ።

የዚያን ዘመን ትልልቅ ካርቶኖች ከፊት በኩል የሚነሣ ክዳን ነበራቸው። ሲገለጥ ውስጡ የተደረደሩት ሰዎችና ፈረሶች በፕላስቲክ መስኮት ይታያሉ። ጀርባው ላይ በዚያው ጡብ ሊሠሩ የሚችሉ ሌሎች ግንቦች ፎቶ አለ፤ መመሪያ የላቸውም፣ እያዩ መሥራት ብቻ ነው። የመመሪያው መጽሐፍም ቢሆን አያባብልም። በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ቁራጭ በአንዴ ይጨመራል፣ የትኛው እንደተጨመረም አይዘረዘርም። ልጁ የቀደመውን ሥዕል ከተከታዩ ጋር እያስተያየ ራሱ ያገኘዋል። የዛሬው መመሪያ ሁለት ሁለት ቁራጭ እየጨመረ የሚያስኬድ ስለሆነ የ1984ን መጽሐፍ ለዛሬ ልጅ መስጠት ፈተና መስጠት ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ነገሩ መላላት ጀመረ። ግድግዳዎቹ ከብዙ ጡብ ይልቅ በአንድ ተቀርጸው በሚመጡ ትላልቅ ቁራጮች ተተኩ፤ መገጣጠሙ ቶሎ ያልቃል፣ መልሶ ሌላ ነገር መሥራቱ ግን ይከብዳል። የ1997ቱ የሌሊት ጌታ ከነሌሊት ወፉ፣ የ2000ው ንጉሥ ሊዮ ከነልዕልቱ የራሳቸው ወዳጅ አላቸው፤ ያደጉባቸው ልጆች ዛሬ ሠላሳን ዘልለዋልና ዋጋቸውም እየወጣ ነው። ድርጅቱ ግን ታመመ። በ1998 ከተመሠረተ ጀምሮ የመጀመሪያውን ኪሳራ መዘገበ። በ1999 የስታር ዋርስ፣ በ2001 የሃሪ ፖተር ፈቃድ ሲገባ ገበያው ላይ ያለው ግንብ የጠንቋዮች ትምህርት ቤት ሆነ። በ2003 ኪሳራው ድርጅቱን ለመጣል የደረሰ ስለነበር በቀጣዩ ዓመት ዮርገን ቪግ ክኑድስቶርፕ ከቤተሰቡ ውጭ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመ።

በዚሁ ጊዜ በቢጫው ግንብ የተጫወቱት ልጆች አድገው ደመወዝተኛ ሆነዋል። እናት አጽድታ የሰጠችውን፣ ታናሽ ወንድም የበተነውን ግንብ መልሰው ይፈልጉ ጀመር። በ2000 ዳን ጄዜክ የተባለ ወጣት ብሪክሊንክን ከፈተ። ብሪክሊንክ ብዙ ሺህ ሰው የየራሱን ትንሽ ሱቅ የሚከፍትበት ገበያ ሆነ፤ ሸቀጡም ሙሉ ካርቶን ብቻ አይደለም፣ አንድ አንድ ቁራጭ ጭምር ነው። አንድ ጥቁር ኮርቻ፣ ሁለት የድልድይ ሰንሰለት፣ አንድ የራስ ቁር። ከጀርመን ግድግዳ፣ ከሆላንድ ፈረስ፣ ከአሜሪካ ጋሻ እያስመጡ አንድን ግንብ ከምንም ተነሥቶ ማቆም ተቻለ። ጄዜክ በ2010 ገና በወጣትነቱ ሞተ፤ ገበያው ግን እጅ እየለወጠ ቆይቶ በ2019 ሌጎ ራሱ ገዛው። ያገለገለ ዕቃ ገበያን አምራቹ ሲይዘው ሰብሳቢ ሁሉ ደስ አላለውም፣ አሁንም አላለውም።

ድርጅቱም ፍላጎቱን አይቶ ነበር። በ2001 የእንግዳ ማረፊያውን፣ በ2002 የጥቁር ጭልፊትን ምሽግ በአዲስ ቁጥር እንደገና አወጣ። ይህን በማድረግ ላይ ሳለ ግን ሰብሳቢዎችን የሚያስቆጣ ነገር ሠራ። በ2004 ገደማ ግራጫውን ለወጠው። የቀድሞው ግራጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ሞቅ ያለ ነበር፤ አዲሱ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ቀዝቃዛ ግራጫ ነው። ጥቁር ግራጫውም ቡናማውም አብረው ተለወጡ። ጡቡ እንደ ድሮው ይገጥማል፤ ዓይን ግን አይገጥምለትም። በ1984ቱ ግንብ ግድግዳ ላይ አንድ አዲስ ግራጫ ጡብ ቢገባ ከሩቅ ይለያል። እያንዳንዱ የድሮ ግራጫ ጡብ በዚያች ዓመት የማይታተም ገንዘብ ሆነ። ቁጣው የልጅ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ለአርባ ዓመት ተጠብቆ የኖረ የመግጠም ቃል ኪዳን በቀለም በኩል የፈረሰበት ጊዜ ነውና ቁጣቸው ይገባኛል።

ጠረጴዛ ላይ የሚሆነውን እንይ። ሰብሳቢው ከጋራዥ ሴል የተቀላቀለ ከረጢት በኪሎ ገዝቶ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያነሣው ጡብ አይደለም፤ ሰዎቹን፣ ፈረሶቹንና መሣሪያውን ነው፤ ከየትኛው ዘመንና ከየትኛው ሞዴል እንደመጡ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የሰውየውን ደረት ከጎን በኩል ወደ ብርሃን ያዞረዋል። እጁ በሚገባበት ቀዳዳ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ወርዷል። ጋሻውን ያጋድላል፤ አንበሳው የታተመ ስለሆነ ተፍቆ ከሆነ በሚያንጸባርቀው ብርሃን ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ ግራጫዎቹን ነጭ ወረቀት ላይ ይደረድርና ሞቃቱን ከቀዝቃዛው ይለያል፤ በአምፑል ብርሃን አይሆንም፣ በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ ነው። እብጠቶቹ ላይ የሌጎ ስም መኖሩን ያያል፤ ከሌለ የሌላ ድርጅት ጡብ ነው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ያጥባል። ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ፕላስቲኩን ሊያጣምመው ይችላል፤ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ እብጠቱን ያፋፍቀዋል።

ፀሐይ ያየ ጡብ ቢጫ ይሆናል። ነጩ ወደ ቅቤ፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ ማዋል ቀለሙን ይመልሰዋል፤ ፀጉር የሚያነጣው ነገር መሆኑ ነው። አንዳንዱ ሰብሳቢ ይህን እንደ እድሳት ያየዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፕላስቲኩን ያደክማል፣ ቢጫውም ከጊዜ በኋላ ይመለሳል ብሎ እጁን አያስገባም። እኔ የኋለኛውን እደግፋለሁ፤ አርባ ዓመት የኖረ ግንብ ትንሽ ቢጠይም ምን ይሆናል።

ካርቶኑን ያልከፈቱት ሌሎች ናቸው። ለእነሱ ዕቃው መጫወቻ ሳይሆን የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ሁለት የሩሲያ ተመራማሪዎች ከ1987 እስከ 2015 ድረስ የወጡ ከሁለት ሺህ በላይ ያልተከፈቱ ሞዴሎችን የዳግም ሽያጭ ገበያ ዋጋ መርምረው በ2021 ያወጡት ጥናት አማካይ ትርፉ በዓመት 11 በመቶ ያህል መሆኑን ሲገልጽ ወሬው ዓለምን ዞረ። በወሬው ውስጥ የተረሳው ዝርዝሩ ነው፤ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ውጤቱ ከከባድ ኪሳራ እስከ ብዙ እጥፍ ትርፍ ይለያያል። ቢጫው ግንብ ያገለገለው ግን የተሟላው በመቶዎች ዶላር፣ ማሸጊያው ያልተነካው በሺዎች ይሸጣል። ያልተነካው እንዲህ ውድ የሆነው ሁሉም ስለነካው ነው። ዛሬ የሚመረተውን መቶ ሺህ ሰው ሳይከፍት ቤቱ ካስቀመጠው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ብርቅ የሚሆነው ምኑ ነው?

ከዋጋ ታሪኮች ሁሉ የፍየሏ ይበልጥብኛል። በ2011 የወፍጮ መንደር ወረራን በሚያሳይ ሞዴል ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ፍየል ገባች። ሞዴሉ ከገበያ ሲወጣ ፍየሏም አብራ ቀረች፤ በሌላ ካርቶን ውስጥ አልተደገመችም። የግንብ ሠሪዎች መንደራቸው ያለ ፍየል አልሞላ ሲላቸው ዋጋዋ ከካርቶን ዋጋ ጋር ይፎካከር ጀመር። የፋሲካን ገበያ የሚያውቅ ሰው ለፍየል መከራከር አይደንቀውም፤ ይህችኛዋ ግን አትታረድም፣ አትበላም፣ እብጠት ላይ ትቆማለች እንጂ።

የግንቡ ስም ያለው የመጨረሻው መደበኛ ተከታታይ በ2013 ወጥቶ ቆመ። በ2016 ጋሻቸው በስልክ መተግበሪያ የሚነበብ ፈረሰኞች ተሞከሩ፤ ብዙ አልዘለቁም። በ2020 የትንሹን ሰው መልክ ያወጣው ክኑድሰን ሞተ። ወዲያው በዓመቱ የደጋፊ ሐሳብ ተቀብሎ የተሠራ የአንጥረኛ ቤት ወጣና ጎልማሳው ገዢ እንዳልሞተ አሳየ። በ2022 ድርጅቱ 90ኛ ዓመቱን ሲያከብር የአንበሳ ፈረሰኞችን ግንብ አመጣ። 4514 ቁራጭ፣ 22 ሰዎች፤ ሲወጣ ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 400 ዶላር ነበር። እንደ 1978ቱ በማጠፊያ ይከፈታል፣ እንደ 1984ቱ ግራጫ ነው፣ ከጎኑ የጫካ ሽፍቶችና ጥቁር ጭልፊቶች አሉ። በዚያው ሰሞን የ1988ቱን የዛፍ መሸሸጊያ የሚያስታውስ ትንሽ ሞዴል ለገዢዎች በስጦታ ተሰጠ። በ2024 የወጣው የመካከለኛው ዘመን አደባባይ ደግሞ ፍየሏን መልሶ አመጣት፤ ለአሮጌዋ ብዙ የከፈሉ ሰዎች ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም።

አዲሱ ግንብ ከቢጫው በሁሉም ነገር ይበልጣል፤ በዝርዝሩ፣ በጥንካሬው፣ በሰዎቹ ብዛት። ለልጅ ግን አልተሠራም፤ ካርቶኑ ላይ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ይላል። የ1980ዎቹን የሚፈልግ ሰው አዲሱ አይተካለትም። ለሚጀምር ሰው ያለኝ ምክር አጭር ነው። ያልተከፈተ ካርቶን አትግዙ፤ ከትልቁ ግንብም አትነሡ። ከሽፍቶቹ ወይም ከትንንሾቹ የፈረሰኛ ሞዴሎች አንዱን ያዙ፣ ቁራጩን አንድ አንድ እየፈለጋችሁ ሙሉት። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሰፈራችሁ ውስጥ የድሮ የሌጎ ባልዲ ለሽያጭ ሲወጣ ግራጫውን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ ወደ ቡናማ ካደላ ባልዲውን ሳትከራከሩ ውሰዱት።